ሳይሞከር የተገዛው ስካነር

ደምሰው ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። ሥራውን ይወደዋል። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ መንገደኛ የሚያወራው ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ ከፍተሻው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ደምሰው የሰው ፊት ማየት የለበትም። ፊት ካላየ ደግሞ አንደበቱ ይፈታል። ያላመነበትን አላምንበትም ይላል። እንዲያውም አንድ ጊዜ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛን ስለ ፍርዳቸው ሲሞግት የተርሚናሉ ባቡር አምልጧቸዋል። መንገደኛውን አስረክቦ ወደ ሰው ፊት በዞረ ቁጥር ግን ያ ሁሉ ድፍረት ውሃ ይበላዋል።

ይሉኝታ የማያውቅ አበሻ የለም። የደምሰው ግን በሽታ ነው። ግሌንዴል፣ እዚያው በሚኖርበት ሕንጻ ውስጥ፣ ለቅሶ ሊደርስ ወጥቶ ፎቅ ተሳሳተና የማያውቃቸው ሰዎች ቤት የልጅ ልደት ላይ ገባ። ፊኛዎቹን ያያቸው በጥቁር ኮቱ ቆሞ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ካለ በኋላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ደምሰው አሁን ብወጣ ምን ይሉኛል ብሎ ቁጭ አለ፤ ኬክ በላ፣ አጨበጨበ፣ ሻማው እስኪጠፋ አልተነሳም። እነሆ ሰዎቹ በየዓመቱ ይጠሩታል። ስጦታውን እያጉረመረመች የምትገዛው ሚስቱ ዘሪቱ ናት።

የሊኑክሱም ነገር ከዚሁ አመሉ ጋር የተያያዘ ነው። አሮጌው ላፕቶፑ አዲስ ሲስተም አልሸከምም ብሎ ባስቸገረው ሰሞን፣ ዊልቸር የገፋላቸው አንድ መሐንዲስ ስለ ሊኑክስ ነገሩት፤ በነጻ የሚጫን፣ የሚችል ሰው ሁሉ ውስጡን ከፍቶ ሊያየውና ሊያስተካክለው የተፈቀደ ሶፍትዌር ነው። ደምሰው ጫነው። ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። ደስታው ስላላስቻለው እሁድ ቸርች ውስጥ በምስክርነት ሰዓት ማይክ ያዘና፣ "ወገኖቼ፣ ለብዙ ዓመት ታስሬ ነበር፤ ዛሬ ግን ነጻ ወጥቻለሁ!" አለ።

ጉባኤው ከምን ነጻ እንደወጣ እስኪሰማ አልጠበቀም። ሃሌሉያው ጣሪያውን አነቃነቀው፤ እናቶች እልል አሉ፤ ፓስተሩ ሮጦ መጥቶ አቀፈው። በዚህ መሃል "የኮምፒውተሬን ሲስተም ቀይሬ ነው" ቢል ምን ይሉታል? ዝም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ የማያውቀው ደምሰው ከመጠጥ የተፈታ ሰው ሆኖ ይኖራል። ወጣቶችን እንዲመክር ተጋብዞ መክሯል፤ ጥሩ መከረ አሉ። ከእንግዲህ ወደ ድሮው ሲስተም መመለስ የሚታሰብ አልነበረም። በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ነጻ ወጣሁ ብሏላ።

ስካነር ያስፈለገው ለራሱ አይደለም፤ ለእትዬ ሠርካዲስ ነው። እትዬ ሠርካዲስ ደምሰውም የሚዘምርበት የቸርቹ ኳየር አንጋፋ ናቸው። ደምሰውና ዘሪቱ አሜሪካ ሲመጡ ወጥተው የተቀበሏቸው፣ ያንን የመጀመሪያ ክረምት ሙሉ ሳሎናቸው ውስጥ ያስተኟቸው እሳቸው ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። የኳየሩ መዝሙሮች ያሉት ደግሞ አንድ ወፍራም ጥራዝ ውስጥ ነው፤ ገሚሱ በእጅ የተጻፈ፣ ገሚሱ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሚያክል። እትዬ መስመር እየሳቱ፣ ሌላው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ እሳቸው ሁለተኛው ላይ ብቻቸውን እየቀሩ መጡ። ማንም ምንም አላላቸውም። እሳቸው ግን ያውቁታል።

"ደምሴ፣ ከኳየር ካወጡኝ እኔ አበቃልኝ፤ ቀልዴን አይደለም" አሉት አንድ እሁድ፣ መኪናው ውስጥ። እጃቸው ቦርሳቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያሰበው ነገር ቀላል ነው። ገጾቹን ስካን አድርጎ፣ ፊደሉን አጉልቶና አጥቁሮ በሰፊ ወረቀት ማተም። በስልክ ሞክሮት ነበር፤ ጥራዙ መሃሉ ላይ ስለሚጎብጥ መስመሩ ይጣመማል፣ የራሱ ጭንቅላት ጥላም ከገጹ ላይ አልነሳ አለው። ክዳኑ ተጭኖ ወረቀቱን የሚያቃና ጠፍጣፋ ስካነር ያስፈልጋል፤ ርካሽ የሆነ፣ ከሊኑክስ ጋር የሚስማማ። ሁሉም አይስማማም። የነጻ ሶፍትዌሩ ሰዎች የትኛው ሞዴል በደንብ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደነገሩ፣ የትኛው ጭራሽ እንደማይሠራ ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ከአዲሶቹ ርካሾች አንዳንዶቹ የአምራቻቸውን ፕሮግራም ካላገኙ ንቅንቅ አይሉም፤ ቆየት ካሉት ውስጥ ግን ሳያስቸግሩ የሚሠሩ ሞልተዋል። ስለዚህ ያገለገለ ይገዛል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ፣ ሰክቶ አንድ ገጽ ስካን አድርጎ ማየት፣ ከዚያ መክፈል። ደምሰው ይህን ሕግ ለመንገደኞቹ ሳይቀር ይመክር ነበር፣ ከጀርባቸው ሆኖ።

የመጀመሪያውን ያገኘው አውሮራ፣ ከጋሽ ሀብተሚካኤል ቤት ነው። ጋሽ ሀብተሚካኤል የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚሸጥ ስካነር አላቸው ሲባል ሰምቶ፣ ሞዴሉን ጠይቆ፣ ኢንተርኔት ላይ አይቶ፣ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጦ ሄደ። ላፕቶፑን በቦርሳ ይዟል። ገና ከመቀመጡ ምሳ ቀረበ። ጋሽ ሀብተሚካኤል በእጃቸው አጎረሱትና፣ "ይሄ ዕቃ እንደ ዓይኔ ብሌን የያዝኩት ነው፤ አንተ ልጄ ስለሆንክ ነው የምሰጥህ" አሉት።

በሰው እጅ ጎርሶ፣ ልጄ ተብሎ፣ "እስቲ ላፕቶፔ ላይ ልሰካውና ውሸትዎን እንደሆነ ልይ" ይባላል? ደምሰው ከፈለ፣ አመሰገነ፣ ስካነሩን ታቅፎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ የኤሌክትሪክ ገመዱ የለም።

"ደውልላቸዋ!" አለችው ዘሪቱ።

"ምን ብዬ?"

"ገመዱ የለም ብለህ!"

"ገመዱን ደብቀዋል እንዳልኳቸው እኮ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌን ሌባ ልበል?"

የሌላ ዕቃ ገመድ አይገባበትም። ገመዱን ለብቻው ልግዛ ቢል የስካነሩን ያህል ጠየቁት። እንዲሁ ክዳኑ ላይ የነበረውን ጭረት ከሥራ ቦታ ባመጣው ቢጫ የዊልቸር ተለጣፊ ሸፍኖ አስቀመጠው። የኳየሩ መሪ ፍቅረየሱስ ቤት ገዝቶ ሲያስመርቅ ደምሰው ስካነሩን በሚያምር ወረቀት ጠቅልሎ ይዞለት ሄደ። ፍቅረየሱስም ገመዱ የት አለ ብሎ አልጠየቀም። ስጦታ የሰጠን ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?

ሁለተኛውን ሎውሪ ከምትኖረው ከዛኪያ ገዛ። ዛኪያ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ጨዋ ሴት ናት፤ ሳምቡሳ አቀረበችለት፣ እናቷም "አላህ ይጨምርልህ" ብለው መረቁት። በተመረቀ አፉ ስለ ሞዴል ቁጥር መጠየቅ አቃተው። ቤቱ ገብቶ ሰካው። ሊኑክስ ላይ "ስካነር አለ ወይ?" ተብሎ የሚጠየቅበት አጭር ትእዛዝ አለ። ጠየቀ። የለም አለው። ነቅሎ ሰክቶ ጠየቀ። የለም። ስካነሩ ጠረጴዛው ላይ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል፣ ኮምፒውተሩ የለም ይላል፤ ደምሰው መሃል ቤት ቆሞ ማንን እንደሚያምን ጠፋው።

ሦስተኛው ስካነር አልነበረም። አቶ ውድነህ የሚባሉ ቢሯቸውን የዘጉ የሒሳብ ባለሙያ ስካነር ነው ብለው ሸጡለት፤ ሰውየው አልዋሹም፣ እሳቸውም ከልባቸው ስካነር ይመስላቸው ነበር። ደምሰው ክዳኑን ገልጦ ማየት ነውር ስለመሰለው ጨርቅ እንደለበሰ ተሸክሞት መጣ። ወረቀት በፕላስቲክ የሚለብጥ ማሽን ሆኖ ተገኘ። ዘሪቱ ለአንድ ሳምንት አላናገረችውም፤ በኋላ ግን ማሽኑን ወደደችው። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የቡናው ማሽን መመሪያ ሁሉ በፕላስቲክ ተለበጠ። ደምሰው የሚጨርሰው የቤት ሥራ ሲኖር ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ማሳሰቢያ ሳይቀር ተለብጦ ስለሚመጣ ቀድዶ መጣል የማይቻል ሆነ።

"ሰው ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም!" አለችው።

"ጫማ ሻጭ አያጎርስማ" አላት።

በዚህ መሃል የኳየሩ ጉዳይ ኮሚቴ ተቋቋመለት። ፍቅረየሱስ ጎበዝ ሙዚቀኛ ነው፤ ግን እናቱ የሚሆኑትን ሴት "ተሳስተዋል" የሚልበት አፍ የለውም። በጋሽ ሀብተሚካኤል ሰብሳቢነት ተመከረና መፍትሔ ተገኘ። እትዬ ሠርካዲስ ይከበሩ! ኬክ ይታዘዝ፤ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ከአዲስ አበባ ይምጣ፤ እሁድ በጉባኤ ፊት ካባውን ይልበሱ፣ ይጨብጨብላቸው፣ "ብዙ ደክመዋል፣ ከእንግዲህ ይረፉ" ተብለው ወንበራቸው ለወጣት ይሰጥ። ሁሉም ሰው እፎይ አለ።

እትዬ ሠርካዲስ ለደምሰው ደወሉ። "ሊያከብሩኝ ነው አሉ" አሉት።

"ሰምቻለሁ፣ እትዬ።"

"የፊታችን እሁድ ነው። እንደምንም ብለህ ከዚህ ክብር አድነኝ።"

ስልኩን እንደዘጋ እንደገና ጮኸ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለወራት ቸርች ውስጥ ሲያገኙት ፊታቸውን እያዞሩ ያልፉት ነበር፤ ደምሰው ምን እንዳጠፋ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። "ስካነር ትፈልጋለህ አሉ" አሉት በቀዝቃዛ ድምፅ። "እኔ ዘንድ አለ። ና ውሰደው።"

ወደ አውሮራ ያደረሰው ሁሴን ነው። ሁሴን አየር ማረፊያው ጋ በራሱ መኪና ሰው የሚያመላልስ፣ ከደምሰው ጋር ምሳ የሚበላ ወዳጁ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የለፈለፈው።

"ወላሂ ደምሰው፣ ሰውየውን ቼክ አድርግ አልተባልክም፤ ማሽኑን ቼክ አድርግ ነው የተባልከው። ፕለግ አድርገህ እየው፣ በቃ!"

"ምሳ እያበሉኝ?"

"አትብላ!"

"አትብላ?" ደምሰው ዞሮ አየው። ሰው ቤት ገብቶ አለመብላት የሚባል ነገር መኖሩን ያን ጊዜ ገና የሰማ ነው የሚመስለው።

በላ። ሁሴን የጾም ቀኔ ነው ብሎ ተረፈ፤ የጾም ቀኑ አልነበረም። ጋሽ ሀብተሚካኤል በዝምታ አጎረሱ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊሊ ወጥ ጨመሩ። ከዚያ ስካነሩ መጣ። ደምሰው ያየው የጎረሰውን ሳይውጥ ነው። ክዳኑ ላይ ቢጫ የዊልቸር ተለጣፊ አለበት።

የራሱ ስካነር ነው። ከዚሁ ቤት ገዝቶ፣ ለፍቅረየሱስ ሰጥቶ፣ እነሆ እንደገና ሊገዛው ነው። ጋሽ ሀብተሚካኤል ዓይኑን ዓይኑን ያዩታል። ሁሴን በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። የደምሰው እጅ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ወደ ቦርሳው ወደ ገንዘቡ ሄደ፤ ሊከፍል ነበር እኮ! የደረሱለት የእትዬ ሠርካዲስ የሚንቀጠቀጡ እጆች ናቸው፤ ትዝ ሲሉት እጁ ቀረ።

ተነሳ። ዞሮ ከጋሽ ሀብተሚካኤል ጀርባ ሄደና የወንበራቸውን መደገፊያ በሁለት እጁ ያዘ፣ ልክ ዊልቸር እንደሚይዝ። አሁን የሚያየው የሰውየውን ማጅራት ብቻ ነው። አንደበቱ ተፈታ።

"ጋሼ፣ ይሄን ዕቃ ሳልሞክረው አልገዛም" አለ። "ባለፈው ሳልሞክር የገዛሁት ራሱ ይኸው ነው፣ ገመድ አልነበረውም። መጠየቅ አፈርኩ፣ ለሰው ሰጠሁት። ደግሞ እትዬ ሠርካዲስን እያከበራችኋቸው አይደለም፤ በካባ ጠቅልላችሁ እያባረራችኋቸው ነው። እሳቸውም ያውቃሉ። ያማቸዋል፣ ጋሼ።"

ወይዘሮ ሊሊ ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ። ሁሴን ዓይኑን ጨፈነ። ደምሰው የወንበሩን መደገፊያ አለቀቀም፤ መግፋት ቢችል ኖሮ ሽማግሌውን ገፍቶ ከቤት ይወጣ ነበር።

ጋሽ ሀብተሚካኤል ሳይዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ ተናገሩ። "ገመዱን ረስተኸው ሄድክ። ልደውል አልኩና፣ 'ዕቃውን ሳያይ የገዛ ሞኝ' ያልኩህ እንዳይመስልህ ተውኩት። ከዚያ በጡረታዬ ቀን ያው ዕቃ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣልኝ! ደምሰው ንቆኝ በሰው እጅ መለሰልኝ ብዬ ስንት ወር ሙሉ ተቀየምኩህ። ዛሬም የጠራሁህ ዓይኔን እያየህ ምን እንደምትል ልሰማ ነው።"

ነገሩ ሲጣራ ፍቅረየሱስ ስካነሩን ለአንዲት ተመራቂ ሰጥቷል፤ ተመራቂዋ ለሙሽሮች፤ ሙሽሮቹ ለጋሽ ሀብተሚካኤል ጡረታ። በየቤቱ ገመድ እንደሌለው ታይቷል፤ እያንዳንዱ ተቀባይ ግን ከመጠቅለያው ጋር ጠቅልዬ የጣልኩት እኔ ነኝ ብሎ በራሱ አፍሮ ዝም ብሏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ሰክቶት አያውቅም።

ሽማግሌው ተነሱና ከቡፌው መሳቢያ ገመዱን አወጡ። በላስቲክ ታስሮ፣ አቧራ ሳይነካው ተቀምጧል። ደምሰው ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ወጡ እንዳይነካው ሸሸት አድርጎ ከፈተ፣ ሰካ፣ ጠየቀ፤ ስካነር አለ ወይ?

አለ።

ይዞት የመጣውን የኳየሩን ጥራዝ ገልጦ ክዳኑን ተጫነው። መብራቱ ቀስ እያለ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሄደ። ገጹ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አንዱን መስመር አጎላው፣ አጠቆረው፣ እያንዳንዱ ፊደል የቡና ሲኒ አከለ። "አልሐምዱሊላህ!" አለ ሁሴን። "አሜን" አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ማን እንዳለው ሳያስተውሉ። ከዚያ ተክዘው፣ "ካባው እኮ መጥቷል፤ አሁን ምን ላድርገው?" አሉ።

ቅዳሜ በኳየር ልምምድ እትዬ ሠርካዲስ አዲሱን ጥራዛቸውን ይዘው ገቡ። ሲዘረጉት ግራና ቀኝ የቆሙት እህቶች ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። ዘመሩ። አንድም መስመር አልሳቱም፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከሁሉ ጋር እኩል ደረሱ። ግን ድምፃቸው ከሌላው ከፍ ብሎ ብቻውን ይሄዳል። ለካ ጥፋቱ ሁሉ የዓይን አልነበረም! መዝሙሩ አለቀ። ፍቅረየሱስ ጣሪያውን ያያል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ሶፕራኖዎች ጫማቸውን ያያሉ። ስለ ካባው ሊናገሩ የመጡት ጋሽ ሀብተሚካኤል ከኋላ ወንበር ሳል ያዛቸው።

ደምሰው ከወንዶቹ ረድፍ ወጣና ለፍቅረየሱስ ጆሮው ላይ፣ "ጀርባህን ስጥና ንገራቸው" አለው።

ፍቅረየሱስ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ። "እትዬ ሠርካዲስ" አለ ለግድግዳው፣ "ቶኑ ከፍ ብሎብዎታል። ዝቅ ያድርጉት፣ ከአልቶዎቹ ጋር።"

እትዬ ሠርካዲስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

"እሺ፣ የኔ ጌታ" አሉ። "ከየት ጀምሬ?"

በማግስቱ ክብር የሚባል ነገር አልተደረገም፤ ኬኩን ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሉት። ካባውን ለማንም ማልበስ ነገር ያመጣል ተባለና አሁን ቸርቹ ቢሮ ውስጥ ስካነሩ ለብሶታል፤ ከአቧራ ይከላከላል፣ ያምርበታልም።

ያን ቅዳሜ ደምሰው እትዬን በመኪናው ወደ ቤት ሲመልስ ስልኩ ጮኸ፣ ዘሪቱ ናት፤ እንዴት ሆነ ልትል ነው የደወለችው። እትዬ ሠርካዲስ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

"ዘሪቱ!" አሉ እየጮኹ። "ዛሬ እኮ ሦስት ጊዜ አረሙኝ!"